ከኩል እስከ ዓይን ሥር መሸፈኛ፤ የአንድ ነባር ቃል ታሪክና የአንድ አዲስ ስያሜ ጥያቄ

ከዓይን በታች የሚታየውን ጥቁረት ለመሸፈን የሚቀባውና በየውበት ሳሎኑ «ኮንሲለር» እየተባለ የሚጠራው መዋቢያ ወደ አገራችን ከገባ ቆይቷል፤ የጸና አማርኛ ስም ግን እስካሁን አላገኘም። የአጠቃቀሙን መመሪያ ወደ አማርኛ ለመመለስ ብዕሩን የሚያነሣ ተርጓሚ ብዙ መንገድ ከፊቱ ተደቅኖ ያገኛል። የውጭውን ስም እንዳለ ሊወስድ፣ በነባሩ «ኩል» ሊጠቀም፣ ወይም «መሸፈኛ»፣ «መደበቂያ»፣ «ማጥፊያ»፣ «ማረሚያ» ከሚሉት አንዱን ሊመርጥ ይችላል። ከእነዚህ ውስጥ የትኛው እንደሚሻል ለመወሰን የቃላቱን ትርጉም ማወዳደር ብቻ አይበቃም። ዕቃው ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ፣ ሌሎች ሕዝቦችም በምን መነሻ እንደሰየሙት ማወቅ ያስፈልጋል።

ጉዳዩ ለመዝገበ ቃላት ባለሙያ እዚህ ግባ የማይባል መስሎ ሊታይ ይችል ይሆናል። ነገር ግን በዓይን አጠገብ የሚደረግ ነገር ሁሉ ጥንቃቄን ይሻል፤ ስሙ የተሳሳተ ዕቃም እጅን ያሳስታል። ከዚህም ሌላ አማርኛ ዓይንን በማስዋብ ረገድ እጅግ ጥንታዊ የሆነ ቃል ወራሽ ነው። አዲሱን ስም ከማውጣታችን በፊት የነባሩን ድንበር ለይተን ልናውቅ ይገባናል። በዚህ ጽሑፍ የምንሞክረውም በቅድሚያ የኩልን ታሪክ፣ ቀጥሎም የመሸፈኛውን ታሪክ መርምረን በመጨረሻ የስያሜ ሐሳብ ማቅረብ ነው።

ከመስደመት ወደ ስቲቢየም

ዓይንን በቀለም ማስዋብ በጽሑፍም ሆነ በሥዕል ተመዝግበው ከሚገኙት የመዋቢያ ልማዶች ሁሉ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። የጥንት ግብፃውያን ማላካይት ከሚባለው ማዕድን አረንጓዴውን፣ የእርሳስ ማዕድን ከሆነው ጋሌና ደግሞ ጥቁሩን ቀለም ያዘጋጁ ነበር። ጥቁሩን «መስደመት» ይሉታል። የግብፅ አንድነት መታሰቢያ ተብሎ የሚጠቀሰውና ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3100 ዓመት ገደማ የተሠራው የናርመር ሰሌዳ እንኳ በዓይነቱ የዓይን ቀለም መፍጫ ሰሌዳ ነው፤ በመካከሉ ያለው ክብ ጎድጓዳ ስፍራ ይህንኑ ያመለክታል።

መስደመት የንግድ ዕቃም ነበር። በቤኒ ሐሰን በሚገኘው የዳግማዊ ኽኑምሆቴፕ መቃብር ግድግዳ ላይ፣ በዳግማዊ ሰኑስረት 6ኛ ዓመተ መንግሥት 37 የእስያ ሰዎች መስደመት ይዘው ወደ ግብፅ እንደገቡ ተጽፏል። ንግሥት ሀትሸፕሱት በ15ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ ፑንት የላከቻቸው መርከቦች ይዘው ከተመለሱት ዕቃ መካከልም ከዕጣንና ከዝንጀሮ ጋር የዓይን ቀለም ተጠቅሷል። ፑንት በትክክል የት እንደነበረች ሊቃውንት ሲከራከሩ ኖረዋል። ሆኖም በግብፅ መቃብሮች በተገኙ ዝንጀሮዎች አጥንትና ጥርስ ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ጥናት የዛሬዎቹን ኤርትራን፣ ኢትዮጵያንና ሶማልያን አካባቢ ስለሚያመለክት፣ የዓይን ቀለም ታሪክ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ጋር ያለው ግንኙነት ከጥንት የጀመረ መሆኑን መገመት ይቻላል።

የግብፁ ቃል በቅብጥ ቋንቋ «ስቴም» ሆኖ ቀረ። ግሪኮች «ስቲሚ» ወይም «ስቲቢ» አሉት፤ ሮማውያን «ስቲቢየም» ብለው ወረሱት። የዛሬው ኬሚስት አንቲሞኒ የተባለውን ንጥረ ነገር በ«ኤስ-ቢ» ምልክት የሚጽፈው ከዚሁ የተነሣ ነው። እዚህ ላይ ለመዝገበ ቃላት ሠራተኛ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ብዙ መዛግብተ ቃላት ኩልን «አንቲሞኒ» ብለው ይፈቱታል። ነገር ግን ከግብፅ መቃብሮች የወጡት ናሙናዎች ሲመረመሩ አብዛኞቹ የእርሳስ ማዕድን ሆነው ተገኝተዋል። ስሙ ከአንዱ ማዕድን ወደ ሌላው ተሻግሯል፤ ፍቺውም ስሙን ተከትሎ ተሳስቷል።

ሮማዊው ፕሊኒ ይህን ማዕድን አንዳንዶች «ፕላቲዮፍታልሞስ» ማለትም «ዓይን አስፊ» ይሉት እንደነበር ጽፏል። ይህ ስም ዕቃው ከምን እንደተሠራ ሳይሆን በተመልካች ዘንድ ምን እንደሚያስመስል የሚናገር ነው። ወደ ኋላ እንደምናየው፣ በመዋቢያ ስያሜ ውስጥ ይህ ልዩነት ትልቅ ቁም ነገር አለው።

ኵሕል፣ ኩል፣ አልኮል

ሴማውያን ቋንቋዎች ከግብፁ ስም የተለየ የራሳቸው ቃል አላቸው። በአካድኛ «ጉኽሉ»፣ በዕብራይስጥ «ካሐል» የሚለው ግሥ፣ በዓረብኛ «ኩሕል»፣ በግዕዝ «ኵሕል» ከአንድ ቤተ ሰብ የሚቈጠሩ ናቸው። ወደ አማርኛ ሲሻገር የጉሮሮው «ሐ» ጠፍቶ «ኩል» ሆነ። ግሡም የተለመደውን ሕግ ተከትሏል። ግዕዙ «ሰሐበ» በአማርኛ «ሳበ»፣ «ሰሐተ» ደግሞ «ሳተ» እንደሆነ ሁሉ «ኰሐለ»ም «ኳለ» ሆነ። ከዚያም «ተኳለ»፣ «አስኳለ»፣ «መኳያ» ረቡ።

መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። በምዕራፍ 8 ዓዛዝኤል ለሰው ልጆች ካስተማራቸው ጥበቦች መካከል መኳልና የዓይን ቆብን ማሳመር ተቈጥረዋል። በግብፅ በአኽሚም በተገኘው የግሪክ ቅጂ በዚሁ ስፍራ የሚገኘው ቃል ከ«ስቲቢ» የመጣ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ጥንታውያን የቃል ሐረጎች፣ የግብፁና የሴማውያኑ፣ በአንድ ጥቅስ ላይ በትርጉም ተገናኝተዋል ማለት ነው።

ትርጉም ግን ሁልጊዜ አያገናኝም። የኢዮብ ሦስተኛ ሴት ልጅ ስም በዕብራይስጡ «ቄሬን ሃፑኽ» ይባላል፤ «ፑኽ» የዓይን ቀለም፣ «ቄሬን» ቀንድ ስለሆነ «የኩል ቀንድ» እንደማለት ነው። ሰብዓ ሊቃናት ወደ ግሪክ ሲመልሱት «የአማልቴያ ቀንድ» አሉት፤ ይህም በግሪኮች አፈ ታሪክ የተትረፈረፈ በረከት ምሳሌ የሆነው ቀንድ ነው። ቀንዱ ቀረ፤ ኩሉ ጠፋ። የመዋቢያ ቃል ለተርጓሚ ምን ያህል አሳሳች እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

«ኩል» በአማርኛ ውስጥ ያለውን የትርጉም ስፋት ለመረዳት እ.ኤ.አ. በ1962 የታተመውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ማየት ይበቃል። በ2ኛ ነገሥት 9፥30 ኤልዛቤል የምትኳለው ለጌጥ ነው፤ በሕዝቅኤል 23፥40ም እንዲሁ። በዮሐንስ ራእይ 3፥18 ግን ግሪኩ «ኮሉርዮን» የሚለው የዓይን መድኃኒት ነው፤ አማርኛው ይህንንም «ኩል» ይለዋል። ተርጓሚዎቹ አልተሳሳቱም። በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ኩል ጌጥም መድኃኒትም ሆኖ ኖሯልና ነው። ግብፃውያንም ቢሆኑ በዚሁ ሐሳብ ነበሩ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ የተጻፈው የኤበርስ ፓፒረስ መስደመትን ከዓይን መድኃኒቶች ጋር ይጠቅሰዋል።

ዛሬ ይህ ድርብ ትርጉም አደጋ አለው። እርሳስ ያለበት ኩል በተለይ ለሕፃናት ጎጂ መሆኑ ስለታወቀ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ኩልን ለመዋቢያ ማቅለሚያነት አይፈቅድም። ስለሆነም የመዝገበ ቃላቱ ፍቺ «ለዓይን ጌጥና መድኃኒት የሚሆን» ብሎ ሲያበቃ፣ ያለፈውን ልማድ እየመዘገበ መሆኑን ለአንባቢው ግልጽ ማድረግ ይኖርበታል።

የቃሉ ጉዞ በዚህ አላቆመም። ዓረብኛው «አል-ኩሕል» ወደ ላቲን ሲገባ መጀመሪያ ልሞ የተነፋ ዱቄትን ያመለክት ነበር። ቀጥሎ ማናቸውንም የነጠረ ነገር ይጠሩበት ጀመር። በ16ኛው መቶ ዓመት ፓራሴልሰስ ከወይን የነጠረውን መንፈስ «አልኮል ቪኒ» አለው፤ በኋላም «ቪኒ» ወድቆ «አልኮል» ብቻውን ቀረ። አማርኛም ይህን ቃል ከአውሮፓ ሲቀበል፣ ቀድሞ በቤቱ ያለውን የ«ኩል»ን ወንድም በሌላ ልብስ ተቀበለ። ሁለቱን ዝምድና ያላቸው ናቸው ብሎ የሚጠረጥር ተናጋሪ የለም።

መኳልና መሸፈን

እስካሁን የተናገርነው ዓይንን አጉልቶ ስለሚያሳይ ቀለም ነው። ኩል ያጠቁራል፤ ድንበር ያበጃል፤ ዓይንን ያሰፋል። የዓይን ሥር መሸፈኛ ግን ተቃራኒውን ያደርጋል። ጥቁረትን ያቀላል፤ ድንበርን ያጠፋል፤ ሥራው የሚመሰገነው ራሱ ሳይታይ ሲቀር ነው። ስለዚህ የመሸፈኛው የታሪክ መነሻ ኩል ሳይሆን የፊት ቀለም ነው።

በዚህ ረገድ ግሪኮች የተዉት አንድ ልዩነት ለስያሜ ሥራ ይጠቅመናል። በ2ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሐኪሙ ጋሌን «ኮስሜቲኬ» እና «ኮሞቲኬ» የተባሉትን ለይቶ አስቀምጧል። የመጀመሪያው የተፈጥሮን ውበት መጠበቅ ነው፤ የሕክምና ክፍልም ነው። ሁለተኛው የሌለውን ውበት በቀለም ማስመሰል ነው። ከእርሱ በፊት ፕላቶን በ«ጎርጊያስ» ይህንኑ ሁለተኛውን ጥበብ የማታለል ዘርፍ አድርጎ ነቅፎታል። በፍርዱ መስማማት አያስፈልገንም፤ ልዩነቱ ግን እውነተኛ ነው። የሚንከባከብ ነገርና የሚሸፍን ነገር አንድ ስም ሊኖራቸው አይገባም።

የጥንቱ መሸፈኛ የእርሳስ ነጭ ነበር። ቴዎፍራስጦስ እርሳስን በኮምጣጤ በማዛግ እንዴት እንደሚዘጋጅ ጽፏል። ይህ ነጭ በአውሮፓ እስከ ቅርብ መቶ ዓመታት ድረስ የፊት ጉድለት መሸፈኛ ሆኖ ሲያገለግልና ሲመርዝ ኖሯል። የዛሬው መሸፈኛ ሊሠራ የቻለው ሌላ ነጭ በመገኘቱ ነው። እርሱም ቲታንየም ዳይኦክሳይድ ሲሆን፣ በኖርዌይና በአሜሪካ በኢንዱስትሪ ደረጃ መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ ማብቂያ ላይ ነው። ይህን ነጭ ከቢጫ፣ ከቀይና ከጥቁር የብረት ኦክሳይድ ጋር በመቀየጥ የቆዳን ቀለም ሁሉ መምሰል ይቻላል።

ከመድረክ ወደ መስታወት ፊት

የዘመናዊው መሸፈኛ ቀጥተኛ ወላጅ የቲያትር ቅባት ነው። በጀርመን አገር የኦፔራ ዘፋኝ የነበረው ሉድቪግ ላይክነር እ.ኤ.አ. በ1873 ባቋቋመው ድርጅት ለተዋንያን የሚሆን የቅባት ቀለም ማምረት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1904 ከፖላንድ ወደ አሜሪካ የተሰደደው ማክስ ፋክተር ደግሞ በ1914 ለሲኒማ የሚስማማ፣ የቲያትሩን ያህል የማይወፍርና የማይሰነጠቅ ቅባት አዘጋጀ። የቀለም ፊልም ሲመጣ የቅባቱ ወዝ መብራቱን እያንጸባረቀ ስላስቸገረ በእርጥብ ስፖንጅ የሚቀባ ደረቅ ቀለም ፈጠረ። ይህም «ፓን-ኬክ» የተባለው ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1937 በፊልም ታይቶ በ1938 ለገበያ ቀረበ።

ሁለተኛው ወላጅ ከሕክምና ጎራ የመጣ ነው። ሊዲያ ኦሊሪ የተባለች አሜሪካዊት በፊቷ ላይ የነበረውን የልደት ምልክት ለመሸፈን ስትል የሠራችውን ቅባት እ.ኤ.አ. በ1928 «ከቨርማርክ» ብላ ለገበያ አቀረበች፤ በ1932ም የባለቤትነት መብት አገኘችበት። የእርሷ ቅባት ፊትን በሙሉ ለማቅለም የታሰበ አልነበረም፤ ሥራው አንድን ስፍራ ለይቶ መሸፈን ነበር። የዛሬው ኮንሲለር ጽንሰ ሐሳብ ከነአካሉ በዚህ ውስጥ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1954 የማክስ ፋክተር ድርጅት «ኢሬስ» የተባለውን በበትር መልክ የተሠራ መሸፈኛ ሲያወጣ ነገሩ የዕለት ተዕለት ዕቃ ሆነ። ስሙ በእንግሊዝኛ «ደምስስ» ከሚለው ቃል ጋር በድምፅ የገጠመ ነው፤ ወደዚህ እንመለስበታለን።

እነዚህ ዕቃዎች ለረዥም ጊዜ የተሠሩት በአብዛኛው ፈካ ላለ ቆዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የተቋቋመው «ፋሽን ፌር» ለጥቁር ሴቶች ታስቦ የተነሣ ነው። በ2017 «ፌንቲ ቢዩቲ» በ40 የቀለም ደረጃ የፊት ቀለም ሲያወጣም ሌሎች አምራቾች ደረጃቸውን ለማብዛት ተገደዱ። ለአማርኛ አንባቢ ይህ ተራ የንግድ ወሬ አይደለም። ለሌላ ቆዳ የተጻፈ መመሪያ በቃል ትክክል ሆኖ ቢተረጎምም በሥራ ላይ ሊሳሳት እንደሚችል ያስተምረናልና ነው።

የሌሎች ቋንቋዎች ስያሜ

ልሳናት ይህን ዕቃ የሰየሙት በተለያየ መነሻ ነው። ፈረንሳይኛ «አንቲሴርን» ይላል፤ «ሴርን» በዓይን ዙሪያ የሚታየው ክበብ ስለሆነ «ፀረ ክበብ» እንደማለት ነው። ጣልያንኛ «ኮሬቶሬ» ማለትም «አራሚ» ይላል። ጀርመንኛ «አብዴክሽቲፍት» ሲል «የመሸፈኛ በትር» ማለቱ ነው። ቱርክኛ «ካፓትጂ» ከመዝጋትና ከመሸፈን ግሥ አውጥቷል። ዓረብኛ «ኻፊ አል-ዑዩብ» ማለትም «ነውር ሸሻጊ» ብሎታል። ሩስያኛና የዛሬው ዕብራይስጥ የእንግሊዝኛውን ቃል በየፊደላቸው ወስደዋል። እንግሊዝኛውም ራሱ ከመዋቢያው በፊት ለዘመናት የሰው ስም ነበር፤ የሚደብቅ ሰው ማለት ነው።

ከዚህ አራት መነሻዎችን እንለያለን፤ እነርሱም ተቃውሞ፣ እርማት፣ ሽፋንና ምስጢር ናቸው። የሚሸፈነውም ነገር በየቋንቋው ስም አለው። ስፓንኛ ከ«ዓይን» ቃል «ኦኼራ» አውጥቷል፤ ዓረብኛ «ጥቁር ሃሌታ» ለማለት «ሃላት ሰውዳእ» ይላል። አማርኛ አንድ ነጠላ ቃል የለውም፤ አነጋገሮች ግን አሉት። «ዓይኑ ሥር ጠቈረ» የቀለም፣ «ዓይኑ ሰረጎደ» ወይም «ጎደጎደ» የቅርጽ፣ «ዓይኑ ሥር አበጠ» የእብጠት መግለጫ ነው። ይህ ክፍፍል ከእንግሊዝኛው «ጥቁር ክቦች» ይልቅ ለሳይንሱ የቀረበ መሆኑን ልብ ይሏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዓይን ቆብና የአካባቢው ቆዳ ከሰውነታችን ቆዳ ሁሉ የሳሳ ነው። ጥቁረቱ ከአራት ምክንያቶች በአንዱ ወይም በድምር ሊመጣ ይችላል። አንደኛው ከቆዳው ሥር ያሉት የደም ሥሮች ወደ ሰማያዊነት እያደሉ መታየታቸው፣ ሁለተኛው ሜላኒን የተባለው ቀለም በስፍራው መብዛቱ፣ ሦስተኛው የስፍራው መሰርጎድ የሚያጠላው ጥላ፣ አራተኛው እብጠት ነው። መሸፈኛ የሚያገለግለው በተለይ ለሁለቱ ፊተኞች ነው። ጥላን ጥቂት ያቃልላል፤ እብጠትን ግን አይሸፍንም። እንዲያውም ፈካ ያለ ቀለም ያበጠውን ስፍራ ይበልጥ ያጎላዋል። «ዓይኑ ሥር ጠቈረ» እና «ዓይኑ ሥር አበጠ» የሚሉትን የለየ ቋንቋ ይህን በመመሪያው ውስጥ ማሳየት አያቅተውም። «ማድያት» ለሌላ የፊት ጥቁረት የጸና ስም ስለሆነ ለዚህ መዋል የለበትም።

የአቀባቡ ሥርዓትና የተርጓሚው ፈተና

አሁን ወደ አጠቃቀሙ እንመጣለን። ስሙ የሚፈተነው በሥራው ላይ ነውና።

በመጀመሪያ ስፍራው ይጸዳል፤ ጥቂት ማለስለሻ ተቀብቶ እስኪሰርግ ይጠበቃል። የፊት ቀለም የሚቀቡ ከሆነ እርሱን ማስቀደም ይሻላል፤ ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው መሸፈኛ ያነሰ ይሆናልና። ጥቁረቱ ብርቱ ከሆነ በቅድሚያ ተቃራኒ ቀለም ይደረጋል። ለሰማያዊ ጥቁረት ተቃራኒው ብርቱካናማ ነው፤ ለፈካ ቆዳ እንደ ኮክ ፍሬ የደበዘዘው፣ ለጠየመና ለጠቈረ ቆዳ ደማቁ ይስማማል። ሁለቱ ተቃራኒዎች ሲደራረቡ አንዱ ሌላውን ያደበዝዛል።

ቀጥሎ መሸፈኛው ይመረጣል። ቀለሙ ከጉንጭ ቆዳ ጋር የሚመሳሰል ወይም ቢበዛ በአንድ ደረጃ የፈካ ሊሆን ይገባል። ምክንያቱን ለመረዳት የፈረንሳዩን ኬሚስት የሼቭሬልን ሥራ ማስታወስ ይጠቅማል። በጎብላን የምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያው ክፍል ኃላፊ በነበረ ጊዜ ጥቁሩ ክር ደብዝዟል የሚል አቤቱታ ይደርሰው ነበር። መርምሮ ሲያይ ጉድለቱ በክሩ ላይ ሳይሆን ጎን ለጎን በቆሙት ቀለሞች ግንኙነት ላይ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1839 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ጎን ለጎን የቆሙ ቀለሞች ልዩነታቸው ይበልጥ ይጎላል። ስለዚህ እጅግ የፈካ መሸፈኛ ጥቁሩን ክበብ በነጭ ክበብ ይለውጠዋል እንጂ አይሸፍነውም። በጠየመ ቆዳ ላይ ደግሞ ነጩ ሲበዛ ፊትን የሚያስመስለውን አማርኛ «አመዳም» ሲል በአንድ ቃል ጨርሶታል።

አቀባቡም እንዲህ ነው። ጥቂት ነጥብ ያህል ብቻ ተወስዶ ጥቁረቱ ባለበት፣ በተለይም በአፍንጫ በኩል ባለው የዓይን ጥግ ይደረጋል፤ ከዚያም በቀለበት ጣት ጫፍ ቀስ እየተባለ መታ መታ ይደረጋል። የቀለበት ጣት የሚመረጠው ከሌሎቹ ጣቶች ይልቅ የሚጫነው ጥቂት ስለሆነ ነው። በስስ ሁለት ጊዜ መደረብ በወፍራም አንድ ጊዜ ከመቀባት ይሻላል፤ ወፍራሙ በሽብሽቡ ውስጥ ይሰበሰባልና። በመጨረሻ በጣም ጥቂት የላመ ዱቄት ይነሰነስበታል። ውጤቱ በቀን ብርሃን ይታያል። ማታም ሳይፈተግ በልዝብ ማጽጃ ይነሣል።

በዚህ አጭር መመሪያ ውስጥ ለተርጓሚ የተደገሱ ወጥመዶች ቢያንስ አራት ናቸው። አንደኛ፣ «መቀባት» የሚለው ግሥ ብቻውን ከቀረበ አንባቢው ቅቤ እንደሚቀባ ሁሉ ማሸትን ይረዳል፤ ስለዚህ «መታ መታ እያደረጉ ማሳረፍ» ተብሎ ሊብራራ ይገባል። ሁለተኛ፣ የእንግሊዝኛው «ሼድ» በመዝገበ ቃላት «ጥላ» ነው። እዚህ ግን «የቀለም ደረጃ» ማለት ነው፤ በተለይ ጥላ ራሱ የዓይን ሥር ጥቁረት አንዱ ምክንያት በሆነበት ጽሑፍ ውስጥ ስሕተቱ ይከፋል። ሦስተኛ፣ «ብሌንድ ማድረግ» በቁሙ «መቀላቀል» ተብሎ ከተተረጎመ አንባቢው ሁለት ዕቃ በመዳፉ ያዋሕዳል፤ የሚፈለገው ግን ጠርዙ እስኪጠፋ ከቆዳው ጋር ማዛመድ ነው። አራተኛ፣ «ሴት ማድረግ» «ማስቀመጥ» አይደለም፤ ቀለሙ እንዳይንሸራተት ማርጋት ነው።

የስያሜ ሐሳብ

አሁን በመግቢያችን የጠቀስናቸውን ምርጫዎች እንመዝን። «ኩል» ሊሆን አይችልም። ኩል የሚያጠቁር ሲሆን ይህ የሚያቀላ ነው፤ ኩል በዓይን ቆብ ጠርዝ ላይ ይውላል፤ ይህ ወደዚያ እንዳይደርስ ይጠበቃል። በዚህ ስም የሚሰጥ መመሪያ ሊኳሉ ብለው ዓይን እንዲያጠፉ ማድረግ ነው።

«ማጥፊያ» ሁለት ነውር አለበት። የመጀመሪያው የማይፈጸም ተስፋ መስጠቱ ነው፤ መሸፈኛው ማታ ሲታጠብ ጥቁረቱ እንደነበረ ይገኛልና። የንግድ ስም በደምስስ ቃል ሊጫወት ይፈቀድለታል፤ መዝገበ ቃላት ግን አይፈቀድለትም። ሁለተኛው ይብሳል፤ በአማርኛ «ዓይን ማጥፋት» ማሳወር ነው። «የዓይን ሥር ማጥፊያ» የሚል ጽሑፍ በዕቃ ላይ ቢለጠፍ የሚገዛው የለም።

«ማረሚያ» ጣልያንኛውን ይመስላል፤ ነገር ግን በዛሬው አማርኛ ብዙ ጊዜ «ቤት» የሚለውን ቃል አስከትሎ ወኅኒን ያስታውሳል። «መደበቂያ» ምስጢርንና ጥፋትን ይጠራል። «ሸፋኝ» በአድራጊ ቅርጽ ስለሆነ ሰውን ያመለክታል፤ የሌላውን በደል የሚሸፍን ሰው እንደማለት ይሆናል። «መሸፈኛ» ግን የመሣሪያ ስም ነው። «መኳያ» ከ«ኳለ» እንደወጣ «ሸፈነ» ከሚለው ግሥ በሕጉ የወጣ ነው፤ የሚናገረውም ዕቃው የሚሠራውን ብቻ ነው። ሸፈነ እንጂ አዳነ አይልም። ጋሌን የለየውን ድንበር ይጠብቃል።

ብቻውን ሲቆም «መሸፈኛ» ጨርቅንም ሊያመለክት ስለሚችል ተቀጥላ ያስፈልገዋል። ሕዝቡ «የጥፍር ቀለም»፣ «የከንፈር ቀለም» ማለትን ለምዷል፤ በዚሁ አርአያ ለጠቅላላው ዓይነት «መሸፈኛ ቀለም»፣ ለዓይን ሥር ብቻ ለሚውለው «የዓይን ሥር መሸፈኛ» እንላለን። «ቅባት» ያላልነው ዕቃው በፈሳሽና በበትር መልክም ስለሚገኝ ነው። በዚህም መሠረት የሚከተሉትን ስያሜዎች ለውይይት እናቀርባለን።

ኮንሲለር፦ መሸፈኛ ቀለም፤ የዓይን ሥር መሸፈኛ።
ከለር ኮሬክተር፦ ቀለም ማስተካከያ።
ፋውንዴሽን፦ የፊት መደብ ቀለም።
ሼድ፦ የቀለም ደረጃ።
አንደርቶን፦ ሥረ ቀለም።
ብሌንድ ማድረግ፦ ጠርዝ ማዛመድ።
ሴቲንግ ፓውደር፦ ማርጊያ ዱቄት።

«ኮንሲለር» የሚለው ቃል በሳሎን አነጋገር መኖሩን መቃወም አይቻልም፤ መቃወምም አያስፈልግም። መዝገበ ቃላት ቃሉን መዝግቦ ወደ «የዓይን ሥር መሸፈኛ» ሊመራ ይችላል። የጽሑፍ መመሪያና የሙያ ማሠልጠኛ መጽሐፍ ግን ከዚህ የተሻለ ግዴታ አለባቸው። ሙያውን በአማርኛ የምትማር ወጣት ዕቃውን ከስሙ ልትረዳው፣ ምን ተስፋ እንደሚሰጥና ምን እንደማይሰጥም ከስሙ ልታውቅ ይገባታል። «ኩል» ይህን ያህል ዘመን ድንበሩን ጠብቆ የኖረ ቃል ነው። ለአዲሱ ዕቃ የራሱን ስም ስንሰጠው ነባሩንም በቦታው እናጸናዋለን። የሥነ ልሳን ባለሙያዎችና ተርጓሚዎች፣ በተለይም በውበት ሙያ ማሠልጠኛ ያሉ መምህራን፣ በሥራ ላይ ፈትነው አስተያየታቸውን ቢልኩልን በሚቀጥለው የቃላት ዝርዝር ላይ በምስጋና እንመለከተዋለን።